የአሥራ አራት ጃርት ግብር

ዚሲስና ኤቫንቲያ ከአንድ ማሕፀን የወጡ፣ በአንድ ወጥ ቤት ያደጉ ወንድምና እህት ናቸው፤ መንግሥት ግን ሁለቱን በአንድ ዓይን አይቷቸው አያውቅም። ዚሲስ በቮሎስ ከተማ የውኃ ድርጅት ቆጣሪ አንባቢ ነው። ግብሩ ደመወዙ ኪሱ ሳይደርስ ተቆርጦ ስለሚያልቅ፣ ግብር ማለት ለእርሱ በሌላ አገር የሚዘንብ ዝናብ ነው፤ ወሬውን ይሰማል እንጂ ካፖርቱ አይረጥብም። ታናሽ እህቱ ኤቫንቲያ በበኩሏ ለሕፃናት መጻሕፍት ሥዕል ትሥላለች። ለሁለት አሳታሚዎችና ለአንድ የአሻንጉሊት ቲያትር ቤት ትሠራለች፤ ሥራ የሚያዟት ሲጨንቃቸው፣ የሚከፍሏት ሲመቻቸው ነው። ግብሯን ቆርጦ የሚያስቀርላት ቀጣሪ ስለሌላት ራሷ አስታውቃ፣ ራሷ ትከፍላለች። እርሱ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ሚስት፣ አፓርታማና የመኪና ብድር አለው። እርሷ በሠላሳ ስድስት ዓመቷ ከእናትና ከአባቷ ጋር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ የምትሠራውም በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ እናቷ ሽንኩርት ከሚከትፉበት ጫፍ ትይዩ ተቀምጣ ነው።

በሐምሌ የመጨረሻው ዓርብ ጠዋት የሁለቱ የግብር ወረቀቶች በዚሁ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተዘረጉ። ዚሲስ ዓርብ ዓርብ ወደ ሥራ ሲሄድ ለቁርስ ጎራ ማለት ልማዱ ነው፤ ያን ዕለት ግን የመጣው ሊኮራ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ካገኘው አሥራ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ዩሮ ላይ ትርፍ ተቆርጦበት ኖሮ፣ መንግሥት ሰማንያ አራት ዩሮ ሊመልስለት ነው። የእህቱ ወረቀት ላይ ሦስት ቁጥሮች ሰፍረዋል። ያስታወቀችው የተጣራ ገቢ፣ ሰባት ሺህ አራት መቶ። መንግሥት አግኝታለች ብሎ የገመተው፣ አሥራ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት። የምትከፍለው፣ ገና ላልሠራችው ለመጪው ዓመት የሚወሰደው ቅድሚያ ክፍያ ተጨምሮበት፣ ሁለት ሺህ ሰማንያ። ኤቫንቲያ ወረቀቱን አራት ጊዜ አንብባው ነበር። በየጊዜው ቁጥሩ ያፍርና ዝቅ ይል ይሆናል ብላ ብትጠብቅም አላፈረም።

"አሥራ ሁለት ሺህ!" አለ ዚሲስ፣ ዳቦውን ማር እየቀባ። "የት ደበቅሽው? ለወንድምሽ እንኳ አትነግሪም?"

"ሰባት ሺህ አራት መቶ ነው ያገኘሁት። አብረኸኝ ቆጥረሃል።"

"እኔማ ቆጥሬያለሁ። መንግሥት ነው ያላመነሽ። ምናልባት ሥዕሎችሽን አይቶ፣ እንዲህ የምትሥል ሴት በዚህ ዋጋ አትሸጥም ብሎ ይሆናል። ሙገሳ ነው እኮ!"

"ዚሲስ፣ አፍህን በዳቦ ድፈነው" አሉ እናታቸው ወይዘሮ ኡራኒያ ከምድጃው ዞር ሳይሉ። ዚሲስ ዳቦውን ዋጠ። እንደገናም ጀመረ፤ አሁን ግን ድምፁ ቀልድ አልነበረውም። በግል ለመሥራት ያወጣችውን የግብር ደብተር በአንድ ፊርማ መዝጋት እንደምትችል፣ የሚስቱ አክስት የምትሠራበት ትልቅ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ከመስከረም ጀምሮ ገንዘብ ተቀባይ እንደሚፈልግ፣ ሥዕሉን ደግሞ እሑድ እሑድ ልትሥል እንደምትችል አስረዳት። ክፋት አልነበረበትም። ክፋት ቢኖርበት መልስ መስጠት በቀለላት ነበር። ኤቫንቲያ ዓይኗን ትናንት ከሠራችው ሥዕል ላይ አላነሣችም፤ ጫማው የጠፋበት ጃርት ነበር። አንድ ገጽ ጃርት የሚከፈልበት መቶ ሃምሳ ዩሮ ነው። ሁለት ሺህ ሰማንያን በልቧ ለመቶ ሃምሳ አካፈለችው፤ አሥራ አራት ጃርት ሆነ። ያውም አሥራ አራተኛው ጥቂት እሾህ ሲቀነስለት ነው። አሥራ አራት ጃርት ላላገኘችው ገንዘብ! ያልበሉትን ዕዳ መክፈል የሚባለው ይህ ነው።

ወይዘሮ ታርሲ የቤተሰቡ የሂሳብ ባለሙያ ናቸው። ቢሯቸው ከወደቡ ጀርባ፣ መረብና መንጠቆ ከሚሸጥበት ሱቅ በላይ ነው፤ ደረጃው ዓሣ ዓሣ ይሸታል፣ መጠበቂያው ክፍል ደግሞ ከስድስት ወንበሮቹ በሁለቱ ላይ ሁልጊዜ የሰው ዶሴ ተቀምጦባቸዋል። ኤቫንቲያ አራት ሰዓት ላይ ስትገባ ሙቀቱ ሠላሳ ሰባት ደርሶ ነበር። ሴትዮዋን መነጽራቸውን በሰንሰለት ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ አንድ የታሰረ ሻንጣ ከጠረጴዛቸው ሥር አኑረው አገኘቻቸው። አሥር ሰዓት ሲሆን ቢሮውን ዘግተው ወደ ተራራው መንደራቸው ይወጣሉ፤ ፍልሰታ ካላለፈች አይመለሱም።

"ስህተት ነው በሉኝ" አለች ኤቫንቲያ ወረቀቱን አስቀምጣ።

"ስህተት ቢሆንማ ይታረም ነበር። ሕግ ነው።" ወይዘሮ ታርሲ መነጽራቸውን አደረጉ። "ስሚኝ፤ መንግሥት የሚያስበው እንዲህ ነው። በዝቅተኛ ደመወዝ የተቀጠረ ሰው በዓመት ይህን ያህል ያገኛል። ሱቅ የከፈተ ሰው ከዚያ ያነሰ አገኘሁ ካለ ዋሽቷል። ሰባት ዓመት ከሠራ ደግሞ ልምድ አለውና የበለጠ አግኝቷል። እንግዲህ ባገኘሽው ሳይሆን ማግኘት በነበረብሽ ነው የምትከፍዪው።"

"እኔ እኮ ሱቅ አልከፈትኩም! ጃርት ነው የምሥለው፣ ወጥ ቤት ውስጥ!"

"ከፍተሻል።" ሴትዮዋ የኮምፒውተሩን ገጽ ወደ እርሷ አዞሩት። ከስሟ በታች፣ የሥራ አድራሻ በሚለው ቦታ፣ የአባቷ የልብስ ስፌት ሱቅ ይነበባል።

ኤቫንቲያ ያን ቀን አስታወሰችው። ደብተሯን ለማውጣት ወደ ግብር ቢሮ ስትሄድ አባቷ አቶ ስቴርዮስ የፋሲካ ልብሳቸውን ለብሰው ተከትለዋት ነበር። ጸሐፊዋ የሥራ አድራሻዋን ስትጠይቅ እርሷ "ቤት" ልትል አፏን ስትከፍት፣ አባቷ ከትከሻዋ በላይ ተንጠራርተው፣ "ምን ቤት! ቤት የሚውል ሥራ ፈት ነው። ልጄ መንገድ ዳር ሱቅ አላት" አሉና ጎዳናውንም ቁጥሩንም ራሳቸው አስጻፉ። ጡረታ ከወጡ ገና ወራቸው ነበር። የሱቁ ኪራይ፣ በወር መቶ ሃምሳ ዩሮ፣ ወደ ስሟ ዞረ። ቄስ መጥተው ደጃፉን በበሶብላ ጠበል ረጩ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ጣፋጭ በልቶ "ሥራው ይባረክ" አለ። እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ ጨርቅ መትሮ የማያውቅ ሰው ልብስ ስፌት ቤት የከፈተው።

ወይዘሮ ታርሲ ቀጠሉ። ከሦስት የማይበልጡ አሠሪዎች ያሉት፣ ከመኖሪያ ቤቱም ሌላ የሥራ ቦታ የሌለው ባለሙያ እንደ ደመወዝተኛ ይቆጠራል፤ ግምቱ አይነካውም፣ ባገኘው ልክ ይከፍላል። በሰባት ሺህ አራት መቶማ ቢሆን የሚከፍለው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?" አለች ኤቫንቲያ፤ ድምፏ ሳታስበው ከፍ ከማለቱ የተነሣ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ የነበረ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሕጉ የወጣ ሰሞን ቤታችሁ ደወልኩ። 'ልጅቷ የምትሠራው ቤት ነው ወይስ ሱቅ?' ብዬ ጠየቅኩ። አባትሽ ናቸው ያነሡት። 'ሱቅ ነው እንጂ! እኔ ራሴ ጠዋት ጠዋት እከፍታለሁ' አሉኝ። ምን ልበል? አባት ናቸው፣ በዚያ ላይ እየጮኹ ነው የሚያወሩት።"

ኤቫንቲያ አባቷ ለወይዘሮ ታርሲ አድርሺልኝ ያሏትን የአዝራር ቆርቆሮ ከቦርሳዋ አውጥታ አስቀመጠችው። አዝራር ሳይሆን ደረሰኝ ነው የሞላው። አቶ ስቴርዮስ ደረሰኝ ማለት መንግሥት ቆይቶ የሚመልሰው ገንዘብ እንደሆነ ስለሚያምኑ፣ የመጥረጊያውንም የሳሙናውንም የመቅረጫውንም ወረቀት በዓመተ ምሕረት ደርድረው ያስቀምጣሉ።

"ወጪ ማለት የሚመለስ ገንዘብ አይደለም፤ ግብሩ ከመታሰቡ በፊት ከገቢ ላይ የሚነሣ ነው" አሉ ሴትዮዋ፣ ይህን በቀን ሃያ ጊዜ በሚያስረዳ ሰው ድካም። "ግምቱ ከላይ ከመጣ በኋላ ግን ወጪሽን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ለአባትሽ ንገሪያቸው፤ ይህን ሁሉ ወረቀት ከሚሰበስቡ ቢቀቅሉት..." እጃቸው ቆርቆሮው ውስጥ ቆመ። የመብራት ሂሳቦቹን ነጥለው አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረቧቸው። "ይህስ ምንድን ነው? የፍጆታ ቦታው ዜሮ ነው። ይህም ዜሮ። ይህም። ሰባት ዓመት ሙሉ ከቆጣሪው ኪራይ በቀር ምንም የለም። ለመሆኑ እዚያ ሱቅ ውስጥ ሰው አለ?"

"አባቴ አለ" አለች ኤቫንቲያ በዝግታ። "በየቀኑ።"

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። ያለፈው ዓመት ግብር አንዴ ተወስኗልና ምንም ማድረግ እንደማይቻል፣ በስምንት ጊዜ ከፋፍላ እንደምትከፍለው፣ የሚመጡትን ዓመታት ግን ማዳን እንደሚቻል ነገሯት። አድራሻውን ወደ ቤቷ ማዛወር ነው። የሱቁ የኪራይ ውል ነሐሴ መጨረሻ ያበቃል፤ ሐምሌ ሳይወጣ አልፈልግም ካላለች ለሦስት ዓመት ይታደሳል። "እስከ አሥር ሰዓት ደውዪልኝ። ወይ ሱቁን፣ ወይ ደብተሩን፣ አንዱን እንዘጋለን። ሁለቱን ተሸክመሽ ግን አትዘልቂውም።"

ሱቁ ከባቡር ጣቢያው በሁለተኛው መታጠፊያ፣ በአንድ ጫማ ሰፊና በተዘጋ የፎቶ ቤት መካከል ነው። ታፔላው ላይ "ስቴርዮስ፣ የወንዶች ልብስ ስፌት" የሚለው ከሩቅ ይነበባል፤ ከሥሩ አቶ ስቴርዮስ በገዛ እጃቸው በትንሽ ፊደል "እና ልጁ" ብለው ጨምረውበታል። ኤቫንቲያ ስትደርስ እኩለ ቀን ሆኖ ነበር። አባቷ ወንበራቸውን ግማሹን ውስጥ፣ ግማሹን ደጅ አድርገው፣ ጋዜጣቸውን ብርሃን ወዳለበት አጋድለው ተቀምጠዋል። የሸሚዛቸው ጀርባ ከሙቀቱ የተነሣ ከአካላቸው ጋር ተጣብቋል። ከበላያቸው ቬንትሌተሩ አቧራ ሳይነካው፣ ሳይሽከረከርም ቆሟል።

"እነሆ አለቃዬ መጣች!" አሉ ጮክ ብለው፣ ጫማ ሰፊው እንዲሰማ። "ተነሡ፣ ተነሡ፤ ቁጥጥር ነው!"

"አባዬ፣ ለምን ቬንትሌተሩን አታበራውም? ትሞታለህ እኮ።"

"የድርጅቱ መብራት ነዋ። ወጪ ነው።"

"ወጪ ይቀነሳል ትለኝ አልነበር እንዴ?"

"ይቀነሳል። ያልወጣ ወጪ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ይቀነሳል" አሉና በገዛ አነጋገራቸው ተደስተው ሳቁ።

ልትነግራቸው ነው የመጣችው። መንገዱን ሙሉ ቃላቱን ስታሰልፍ ነበር፤ የመጀመሪያው "አባዬ፣ ስማኝማ" የሚል ነበር። ነገር ግን እርሳቸው ተነሥተው ወደ ውስጥ መሯት፤ ጨለማውን በእጃቸው የሚያውቁ ሰው ናቸውና ምንም ሳያደናቅፋቸው የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛቸው ጋ ደረሱ። ያን ጠረጴዛ ደብተሯን ያወጣች ሰሞን እግሩን አሳጥረው፣ ገጹን ልገው የሥዕል ጠረጴዛ አድርገውላት ነበር። ሦስት ሳምንት ሠራችበት፤ ከዚያ ክረምቱ መጣና ብርዱም ጨለማውም አላስቀምጥ ስላላት ቀስ በቀስ ወደ ወጥ ቤቱ ሸሸች። አልተጣሉም። አልተነጋገሩበትምም። ጠረጴዛው ዛሬም ተወልውሎ ያበራል። በላዩ ላይ ያን ጊዜ ትታቸው የሄደችው አሥራ ሁለት እርሳሶች ከትልቅ ወደ ትንሽ ተሰልፈዋል፤ ሁሉም ጫፋቸው እንደ መርፌ ተቀርጿል። አቶ ስቴርዮስ ሰኞ ሰኞ ይቀርጿቸዋል። በሰባት ዓመት ውስጥ አንዲት መስመር ሳይሠመርባቸው፣ በመቀረጽ ብቻ ማለቃቸው ነው፤ ከሁሉ የሚያንሰው የአውራ ጣቷን ያህል እንኳ አይሆንም።

"ድንገት ሥራ ቢበዛብሽና ብትመጪ ብዬ ነው" አሉ፣ የምታየውን አይተው።

ኤቫንቲያ በዚያች ቅጽበት ማንን እንደምትቆጣ አላወቀችም። ሕጉን? አባቷን? ወይስ ሰባት ዓመት አንድ ቀን እንኳ "አልመጣም፣ እርሳሱን ተወው" ለማለት ያልደፈረችውን ራሷን? በመቶ ሃምሳ ዩሮ ኪራይ ለአባቷ ወንበር የገዛችላቸው መስሏት ነበር፤ እርሳቸው ደግሞ በጨለማ ተቀምጠው ለእርሷ የሚቆጥቡ መስሏቸዋል። አንዱ ለሌላው ሲል ሁለቱም ይከስራሉ፤ ትርፉን የሚያገኝ ግን የለም። "ለምሳ እንዳትዘገይ፤ ፎሶሊያ ነው" ብላቸው ወጣች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራቱም በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ዚሲስ ሚስቱ ወደ ባሕር ስለወረደች ከሥራ ቀጥታ መጥቶ ነበር፤ የመደብሩን ማመልከቻ ቅጽም ይዞ መጥቶ ከእህቱ ሳሕን አጠገብ አኑሮታል። መስኮቱ በመጋረጃ ተጋርዷል። ፎሶሊያው በዘይትና በቲማቲም ርሶ ለብ ብሏል፤ አይብ አለ፣ ዳቦ አለ፣ ሐብሐቡ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተራውን ይጠብቃል። ወይዘሮ ኡራኒያ የዘይት ዋጋ መናሩን ተናገሩ። ዚሲስ የአንድ ደንበኛ ውሻ ቆጣሪ እንዳያነብ እንደከለከለው ተናገረ። አቶ ስቴርዮስ ዳቦ በመረቁ እያጠቀሱ ቅጹን በጎን ዓይናቸው ያዩት ነበር። ኤቫንቲያ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ለአሥር ሃያ አምስት ጉዳይ ይላል።

ሹካዋን አስቀመጠች።

"ደብተሩን አልዘጋም" አለች። ዚሲስ ሊናገር ሲል ቅጹን አጥፋ መለሰችለት። "ያንተንም ሥራ አልፈልግም፤ አመሰግናለሁ፣ ሚስትህንም አመስግንልኝ። የሚዘጋው ሱቁ ነው። ውሉን አላድስም። ከመስከረም ጀምሮ ድርጅቱ እዚህ ነው፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ። መንግሥት ሱቅ አላት ብሎ አሥራ ሁለት ሺህ አገኘሽ ይለኛል፤ ቤቴ ከሠራሁ ግን ባገኘሁት ነው የምከፍለው። ሰባት ዓመት እዚህ ነው የሠራሁት፣ አባዬ። ታውቃለህ። እኔም ታውቃለህ ብዬ ዝም አልኩ።"

ወይዘሮ ኡራኒያ ባዶውን የዳቦ ቅርጫት አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። ዚሲስ የታጠፈውን ቅጽ ኪሱ ከተተ። አቶ ስቴርዮስ ፎሶሊያቸውን በሹካቸው ከአንዱ የሳሕን ጠርዝ ወደ ሌላው ገፉት፤ ከዚያ ራሳቸውን ቀና ሳያደርጉ ጠየቁ።

"ታፔላውስ?"

"ከእኛ ጋር ይመጣል። እዚያ ይሰቀላል" አለች ኤቫንቲያ፣ ወደ ማቀዝቀዣው እያመለከተች።

"ከማቀዝቀዣዬ በላይ? የወንዶች ልብስ ስፌት?" አሉ እናቷ።

"እና ልጁ" አለች ኤቫንቲያ። "እርሳሶቹም ይመጣሉ። የሚቀርጻቸው ሰው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እዚህ ይገኛል፤ ግን በእኔ ደንብ ነው። መብራቱ ይበራል፣ ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ እርሳስም የሚቀረጸው ሲደነዝ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት እሠራበታለሁ።"

አባቷ አልሳቁም። ስልኩን አንሥታ ወይዘሮ ታርሲ ጋ ደወለች፤ ሁሉም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው መካከል፣ ከአይቡ አጠገብ አኖረችው። ሴትዮዋ ሲያነሡ ሻንጣቸው ደረጃ ላይ ሲንገጫገጭ ይሰማል።

"ፈጠን በዪ፣ ልጄ፤ እየወረድኩ ነው። ደብተሩ ነው ሱቁ?"

"ሱቁ።"

"እሺ፤ ተመልሼ እከፍተዋለሁ ኮምፒውተሩን፣ እግዚአብሔር ይይልሽ። አድራሻ ንገሪኝ። ጎዳናውን አውቀዋለሁ። ቁጥር?"

"አርባ አንድ።"

"ፎቅ?"

ኤቫንቲያ አፏን ከፈተች። አቶ ስቴርዮስ ግን ወንበራቸው እስኪጮህ ድረስ በጠረጴዛው ላይ ተንጠራርተው፣ ግብር ቢሮው ውስጥ በተናገሩበት በዚያው ድምፅ ወደ ስልኩ ጮኹ።

"ሦስተኛ! ከደረጃው በስተ ቀኝ! ጠዋት ጠዋት ክፍት ነው ብለሽ ጻፊ!"